አምስተኛው ጥቅል

እንቅልፍ የተከለከለባትን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በላይኛው ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር። ውጭ ፀሐይዋ አስፋልቱን እንደ ሰም ታለሰልሳለች፤ ውስጥ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጋረጃ የቀኑን ብርሃን ውጦ፣ ከኋላ ግድግዳ ካለችው ትንሽ መስኮት የሚወረወር የብርሃን ዘንግ ብቻ በራሳችን ላይ ያልፋል። በዘንጉ ውስጥ አቧራ ሲዋኝ አያለሁ፤ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ሲጋራውን ሲስብ አቧራው ወደ ደመና ይለወጣል። ከደመናው ማዶ ግራጫዋ ከተማ ትነቃለች ልል ነበር። ግን ተኝታ አታውቅም።

በዚያች ከተማ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት ያጠልቃል። ዓይኑ ከሦስት ቆጠራ በላይ ከተከደነ ቀለበቱ ይጮኻል፤ ጠባቂዎች ይመጣሉ፤ ያ ሰው ከዚያ ወዲያ አይታይም። ከተማዋን የሚገዛው ተቆጣጣሪ መልክ የለውም፤ ከድምፅ ማጉያዎች የሚንቆረቆር ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው። ከጠባቂዎቹ አንዱ በሥራ ላይ ቆሞ ሳለ ያንቀላፋል። በሦስት ቆጠራ ውስጥ ሕልም ያያል። ሕልሙን ካየ በኋላ ጠባቂ ሆኖ መኖር አይቻለውምና ቀለበቱን ቆርጦ ይሮጣል፤ አንዲት የውኃ ቱቦ ጠጋኝ ሴት በከተማዋ ሆድ ዕቃ ውስጥ እየመራች ግንቡ ሥር ታደርሰዋለች።

እኛ ያየነው ፍጻሜ እንዲህ ነበር። ሯጩ ግንቡ ሥር እንደ ደረሰ ትዕይንቱ በድንገት ይቆረጥና ረጅም ሣር ውስጥ ተኝቶ እናገኘዋለን፤ ሴትየዋ አጠገቡ የለችም። በወታደሮች ተከቦ ብድግ ይላል፤ ይዋጋል፤ ማማው ላይ ይወጣል። የተቆጣጣሪው ክፍል ኦና ነው። ባዶው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ ይስባል፤ አፉን ሊከፍት ሲል ሸራው ይጨልማል። ከዚያ እሱና ሴትየዋ ግንቡን ተሻግረው በሜዳ ላይ ሲሄዱ እናያለን። ነፋሱ ሣሩን ያጋድመዋል፤ ሰውየውም በሣሩ ላይ ይጋደማል። እሷ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። ምስሉ ይጠፋና ሸራው ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆናል። «ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ አይመጣም። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሰዎች ቶሎ አልተነሣንም፤ አንዳችን የሌላችንን እንቅልፍ ላለመቀስቀስ የምንጠነቀቅ እንመስል ነበር። እኔም እያለቀስኩ ወጣሁ።

ሕይወቴን በዚያ ፍጻሜ ላይ ሠርቻለሁ ብል አላጋነንኩም። ስለ ፊልም ጥበብ የጻፍኩት ብቸኛ መጽሐፍ የሚከፈተው «ወንበሩን የተወ ሰው» በሚል ምዕራፍ ነው። ሥልጣንን ከጨበጠ በኋላ እንቅልፍን የመረጠ ጀግና ከዚያ በፊት አልታየም ብዬ ተከራከርኩ። ድንገተኛው ቁርጥ የጊዜን ሰንሰለት የበጠሰ ድፍረት መሆኑን በስድስት ገጽ ተነተንኩ፤ የመዝጊያ ጽሑፍ አለመኖሩን በአራት ገጽ አደነቅሁ፤ ስለ ነጩ ብርሃን የጻፍኩትን ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ተማሪዎች ምዕራፉን ይጠቅሱታል። ፊልሙ ራሱ ግን ጠፍቷል፤ እኛ ዘንድ የነበረው ቅጂ አርጅቶ ተጣለ፤ ሌላ ቅጂ የትም እንዳለ የሰማ የለም። ቀስ በቀስ የእኔ ምዕራፍ የፊልሙን ቦታ ያዘ። ሰዎች ያላዩትን ፊልም በእኔ ዓይን ያስታውሱት ጀመር።

አንድ ሰው ብቻ አልተቀበለኝም፤ እሷም ባለቤቴ ናት። ያደገችው በከተማው ቆላ፣ ታችኛው ሲኒማ ቤት አጠገብ ነው። ፊልሙን በዚያው ሰሞን አይታዋለች፤ በእሷ ፊልም ግን ሰውየው መጀመሪያ ይተኛል፣ በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ አፉን ሲከፍት የሚወጣው ያው ለስላሳ ድምፅ ነው። ሕዝቡ እየተሳደበ ወጣ ትላለች። በትዳር ሃያ አራት ዓመት ስንኖር በዚህ ነገር አልተስማማንም። እኔ መሐል ላይ አንቀላፍተሽ ነበር እላታለሁ፤ እሷ ያለምከው አንተ ነህ ትለኛለች። መነጽሬ ጠፍቶብኝ ቤቱን ሳተራምስ ከማዕድ ቤት ሆና፣ «ሊቁ፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ፈልገው እስቲ» ማለት ልማዷ ነው።

ክርክራችንን ከማንም በላይ የሰሙት አባቷ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። በጉልምስናቸው የሲኒማ ቤቶቹ ሞተረኛ ነበሩ። ሁለቱ ሲኒማ ቤቶች የአንድ ሰው ንብረት ስለነበሩ ለየፊልሙ የሚከራዩት አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ታችኛው ቀድሞ ይጀምራል፣ ላይኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይከተላል፤ ታች ታይቶ ያለቀውን የፊልም ጥቅል በቆርቆሮ መያዣው ከትተው፣ ከሞተራቸው ኋላ አስረው፣ ያንን ሁሉ ዳገት ሽቅብ ያበሩታል። አንድም ቀን ሸራ ባዶ ሆኖ በእሳቸው ምክንያት ሕዝብ አልጮኸም ይባላል። ሰፈሩ «ደቂቃ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላቸውም ለዚህ ነው። ጋሼ ደቂቃ ዛሬም ቀጠሮ ካላቸው ከአንድ ሰዓት በፊት ጫማቸውን አሥረው በር ላይ ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ፊልሙ እንደ አዲስ ተሠራ። የሠሩት ከድሮው የፊልም ጽሑፍ ተነሥተው ነው ተባለ። የሳምንታዊው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ደውሎ፣ ይህን ካንተ ሌላ ማንም አይጽፈውም፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ገጹን እዘጋለሁ አለኝ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሄድን።

አዲሱ አዳራሽ ከሱቆች ሁሉ በላይ፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃው በሚያልቅበት ፎቅ ላይ ነው። ወንበሩ ሰውን ወደ ኋላ ያስተኛዋል። እንቅልፍ ስለ ተከለከለባት ከተማ የሚተርክ ፊልም በተኛ ሰው ፊት መታየቱ ገና ከመነሻው ግራ አጋባኝ። ከተማዋ በኮምፒውተር ተሠርታ ማለቂያ የላትም፤ ዝናቡ አያባራም፤ እያንዳንዱ ጠብታ ለብቻው ያበራል። ሩጫው ከጣሪያ ጣሪያ፣ ከመስታወት መስታወት ይጎርፋል፤ ካሜራው ለአንድ ትንፋሽ እንኳ አይቆምም። የድሮው ተዋናይ ሲሮጥ ያነክስ ነበር፤ ማንከሱ ከድርሰቱ ይሁን ከእግሩ ለይቼ አላውቅም፤ ይኸኛው ይበርራል። ዓይኔን ገርበብ አድርጌ የድሮዋን ግራጫ ከተማ በዚህችኛዋ ላይ ስደርባት፣ ሁለቱ ከተሞች አንዱ በሌላው ውስጥ እንደሚታይ የውኃ ጥላ ተንቀጠቀጡ።

መጨረሻው ላይ ሰውየው ተኛ፤ ነቃ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ አፉን ከፈተ። ድምፁ የተቆጣጣሪው ድምፅ ነበር። የባለቤቴ ክርን ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። 

ረቡዕ ጠዋት ከወረቀቴ ጋር ተቀምጬ ቁጣዬን ሁሉ ዘረገፍኩት። አዲሶቹ ሰዎች የታላቁን ፊልም ልብ ቆርጠው ጣሉት፤ ምሕረቱን ወደ ምፀት ለወጡት፤ የድሮው ዳይሬክተር የሰጠንን እንቅልፍ ነጠቁን ብዬ ጻፍኩ። ያማረ ጽሑፍ ነበር። ምሳ ላይ ለባለቤቴ ጥቂት መስመሮች አነበብኩላት። ሾርባዋን እያማሰለች፣ ምንም አልለወጡም፣ እኔ ያየሁት ራሱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቼ ይሆናል ብትል ምን ይነካሃል አለችኝ። እኔም በቆላው በኩል ያለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ላይ አንቀላፍቶ ነበር ማለት ነው አልኳት። ለመሳቅ ተዘጋጅታ ነበር። በዚህ መሐል አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡና ጫማቸውን አጥልቀው ወደ በረንዳው ወጡ።

ተከትያቸው ወጣሁ። የተሰጣ ልብስ ከጎናቸው ይወዛወዛል፤ የአንሶላው ጥላ በፊታቸው ላይ ይመላለሳል። ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ሊሉ አስበው የተዉ ሰው መልክ ነበራቸው።

«እሷም ልክ ናት፣ አንተም ልክ ነህ» አሉኝ። «ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። እሱም አንድ ቀን ብቻ።»

የነገሩኝን በራሴ ቃል ልድገመው። በዚያ ዘመን ከንጋት በፊት ጀምሮ ዳቦ ቤት ሊጥ ያቦካሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥቅል ያመላልሳሉ። ፊልሙ ስድስት ጥቅል ነው። አምስቱን እሳቸው ያደርሳሉ፤ ስድስተኛውን የሲኒማ ቤቶቹ ሥራ አስኪያጅ፣ ታችኛው ሲያልቅ የላይኛውን ቢሮ ለመቆለፍ በመኪናው ሲወጣ ይዞት ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን አምስተኛውን ጭነው ሲወጡ ሞተሩ ጋለ። ዳገቱ መሐል፣ የውኃ ታንከሩ ሥር ባለው ጥላ አቁመው እስኪበርድ ጠበቁ። ቆርቆሮውን ከጭንቅላታቸው ሥር አደረጉት። ሲነቁ ጥላው ቦታውን ለውጧል፤ መኪናውም አልፏቸዋል። ላይኛው ሲኒማ ቤት ሕዝቡ እያፏጨ ወለሉን በእግሩ ሲደልቅ ፊልም አጫዋቹ የደረሰለትን ስድስተኛውን ጥቅል አስቀድሞ ጫነው። ጀግናው ወንበሩ ላይ አፉን ሊከፍት ሲል፣ የመዝጊያው ጽሑፍ ከመምጣቱ በፊት፣ መዳፉን በሌንሱ ላይ ጋረደ፤ ድምፁንም አጠፋ። ጋሼ ደቂቃ ላብ በላብ ሆነው፣ ከሥራ እንደሚባረሩ እርግጠኛ ሆነው ሲደርሱ፣ ሰውየው ቆርቆሮውን ተቀብሎ ዝም ብሎ አምስተኛውን አስከተለ።

ነጩ ብርሃንስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፄ የሕፃን ድምፅ ሆኖብኝ ነበር።

«ጥቅሉ ሲያልቅ የሚቀረው ባዶ መብራት ነዋ። ፊልም አጫዋቹ ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ከበርጩማው ተነሥቶ እስኪያጠፋው ድረስ ነው።»

አራት ገጽ ስለ መዳፍ፣ ስለ ታመመ ጉልበት ደግሞ ከሁሉም የባሰውን ጽፌ ኖሯል።

በማግስቱስ እንደ ደንቡ ለምን አልታየም ብዬ ስጠይቃቸው ፈገግ አሉ። ያን ቀን ሕዝቡ ሲወጣ እንደ ወትሮው አልተጋፋም። ፊልም አጫዋቹ ከመስኮቱ ቁልቁል እያየ ሰዎቹ በሩ ላይ ቀድመህ እለፍ፣ አንተ እለፍ ሲባባሉ ታዘበ። «ነገም እዚያው ተኛ አለኝ። አራት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ታንከሩ ሥር ተኛሁ። እንግዲህ የዘገየሁት አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በትእዛዝ ነው።»

መጽሐፌ ሲወጣ ማንበባቸውንም ነገሩኝ። ነጩ ብርሃን ዘንድ ሲደርሱ ሳቃቸው መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ አፈሩ። ልጃቸው ያገባችው ሰው ስም ያወጣበትን ነገር በአንድ ቃል ሊንዱት አልፈለጉም። ፊልም አጫዋቹም ከሞተ ቆይቷል፤ ምስጢሩ አብሯቸው ቢያልቅ ማንንም አይጎዳም ብለው ነበር።

ያን ከሰዓት በኋላ በመንገዶች ላይ እንዴት እንደ ዞርኩ በቅጡ አላስታውስም። የሱቆቹ መስታወቶች ምስሌን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያቀባብሉት እመለከታለሁ፤ ሰውየው እኔን ይመስላል፤ እኔ መሆኑን ግን አላመንኩትም። ፈተናው ቀላል ነበር፤ የሚያስፈራውም ቀላልነቱ ነው። የጻፍኩት ቁጣ ተዘጋጅቷል። ፊልሙ የለም፤ ፊልም አጫዋቹ የለም፤ ሽማግሌው አይናገሩም፤ ባለቤቴ ለሃያ አራት ዓመት ያልረታችኝ አሁንም አትረታኝም። ዝም ካልኩ ስሜ ባለበት ይኖራል። ግን ዝም ካልኩ የዋሹት አዲሶቹ ሰዎች ሳይሆኑ እኔ እሆናለሁ፤ ለድሮው ታማኝ ሆነው የሠሩትን ሰዎች በከሃዲነት እከሳቸዋለሁ። እስከ ዛሬ የተሳሳትኩት ሳላውቅ ነው። ነገ ከእኩለ ቀን በኋላ ግን አውቄ ነው።

እግሬ በራሱ ፈቃድ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ አወጣኝ። አሥር ሰዓት ላይ አዲሱን ፊልም ብቻዬን ድጋሚ አየሁት። በዚህ ጊዜ በላዩ ላይ የምደርበው ሌላ ከተማ አልነበረኝምና ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት ማለት ይቀላል። ዝናቡ አሁንም ይበዛል። ጀግናው እንዲሮጥ የሞተች ልጅ ታሪክ ተሰፍቶለታል፤ የድሮውን ሰው አንዲት ሕልም ብቻ ትበቃው ነበር። ተቆጣጣሪው መልክ ተሰጥቶታል፤ መልክ ያለው ክፉ ደግሞ ያስፈራል እንጂ አይከብድም። በዚህ ሁሉ አዲሱ ከድሮው ያንሳል። ሴትየዋ ላይ ግን ይበልጠዋል። የድሮው ፊልም ሰውየው ሣር ውስጥ ሲነቃ ሴትየዋን የት እንዳደረሳት ሳይነግረን ይረሳታል። አዲሱ ይከተላታል። ሰውየው ሲተኛ ተነሥታ ወደ ቱቦዎቹ ትመለሳለች፤ በጨለማው ውስጥ ከአንገት አንገት እየዳሰሰች ቀለበቶችን ትፈታለች፤ የተፈታው ሁሉ እዚያው እጇ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንድ ሰው ወንበር ላይ ሲወጣ አንዲት ሴት ከተማውን ታስተኛለች። ማክሰኞ ዕለት ይህ ሁሉ በፊቴ ሲያልፍ እኔ የተነጠቅሁትን እየፈለግሁ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እንደ አዲስ ጻፍኩ። አስቀድሜ ለጋሼ ደቂቃ ስለ እሳቸው ልጽፍ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጫማቸውን አሥረው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀጠሮ እንኳ የላቸውም።

«ተኝቶ ነበር ብለህ ጻፍ፤ ግድ የለም» አሉኝ። «ፊልሙን አበላሹት ብለህ ግን እንዳትጽፍ። አልቅሰህ ወጥተህ የለም እንዴ?»

አልጻፍኩም። የጻፍኩት፣ ለሠላሳ ዓመት የተከራከርኩለት ፍጻሜ በየትኛውም ዳይሬክተር እንዳልተሠራ ነው፤ የሠሩት የደከመ ሊጥ አቡኪና ጉልበቱን የሚያመው ፊልም አጫዋች እንደሆኑ፤ አዲሱ ፊልም መመዘን ያለበት ከዚያ ጋር ሳይሆን በእውነት ከነበረው ጋር እንደሆነ፤ ሲመዘንም በሩጫው ቀልሎ በሴትየዋ እንደሚከብድ። መጽሐፉ ዳግም ሲታተም የመጀመሪያው ምዕራፍ እንደሚወጣም አከልኩ። 

ባለቤቴ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ተኩል ሆኗል።

«እኔ ልክ እንደነበርኩ የሚል መስመር አጣሁ» አለችኝ።

በእርሳስ ጨመርኩላት። አየችው፤ እሺ በቂ ነው አለችና ወረቀቱን ሳትመልስልኝ ተቀመጠች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፤ ስለዚያ ስንጨቃጨቅ ይህን ሁሉ ዓመት ኖረን አንድ ቀን እንኳ ረጋ ብለህ ነግረኸኝ አታውቅም፤ የእናንተን መጨረሻ ንገረኝ አለችኝ።

ነገርኳት። ጨለማውን፣ ከዚያ ሜዳውን፣ ሣሩን የሚያጋድመውን ነፋስ። የሰውየው ትከሻ እንዴት ቀስ ብሎ እንደ ወረደ። መዳፉ ተዘርግቶ እንደ ቀረ። የመስኮቱ መጋረጃ ጥላ በጠረጴዛው ላይ ሲመላለስ፣ ማዕድ ቤታችን ለጥቂት ጊዜ ወለል የሌለው መሰለኝ፤ ድምፄም ከሩቅ የሚመጣ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረችኝም።

«እሷስ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች።»

«እስከ መቼ?»

ስለዚያ ትዕይንት በምዕራፌ ሃያ ሦስት ገጾች ያልጻፍኩት ነገር አልነበረም። ይህን ግን ጠይቄ አላውቅም። ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ፣ እርሳሱን አንሥቼ፣ ገጹ እስኪዘጋ የቀረችውን ግማሽ ሰዓት የእሷን ጥያቄ ጽሑፉ ውስጥ ለማስገባት ተቀመጥኩ።